የማንደፍሮ ክዳን

እንግዲህ ስሙ ልጆቼ። ድሮ ነው፤ የአያቶቻችን አያቶች ገና ሳይወለዱ። ወይራ ውኃ በሚባል አገር ማንደፍሮ የሚባል ጭሰኛ ነበር። መሬት የለውም። ወገን የለውም። ያለው አንድ ጎጆና አንድ በሬ ነው።

የአገሩ ጌታ ደጃዝማች ሀብተየስ ከባሕር ማዶ መስታወት አስመጥተው፣ በግቢያቸው የመስታወት ቤት አሠሩ። ውስጡ አንዲት የብርቱካን ችግኝ አስተከሉ። አገሩ ውርጫም ደጋ ነው፤ ብርቱካን ያየ ሰው አልነበረም። ማንደፍሮን ጠሩና፣ «ካፈራች ጎጆህ የቆመበት መሬት ርስትህ ይሁን። ከሞተች አገሬን ትለቃለህ» አሉት።

ማንደፍሮ እጅ ነሣ። ሥራውን ያዘ።

በመጀመሪያው ዓመት የበጋው ፀሐይ በረታ። መስታወቱ ጋለ። ችግኟ ጠወለገች። ማንደፍሮ ጭቃ በጥብጦ መስታወቱን ቀባው። የደጃዝማች አጋፋሪ አየና ጮኸ። «አንተ ሰውዬ! የጌታዬን መስታወት እንደ በረት ትለስነዋለህ?» አሥር ጅራፍ አስገረፈው። ማንደፍሮ ዝም አለ። ዝም ማለት ቀላል አይደለም፤ ጅራፍ የቀመሰ ያውቃል። ችግኟ ዳነች።

በሁለተኛው ዓመት የኅዳር ውርጭ ወረደ። በየማሳው ባቄላው ጠቆረ። ማንደፍሮ የበሬውን አፍ አሰረና ነድቶ ወደ መስታወቱ ቤት አስገባው። የበሬው ትንፋሽ ቤቱን አሞቀው። አጋፋሪው ሣቀ። «በሬው እልፍኝ ገባ! ነገ ደግሞ ጠጅ ቅዱልኝ ይላል።» ማንደፍሮ በሩን ዘጋ። ችግኟ ዳነች።

በሦስተኛው ዓመት፣ በሐምሌ፣ እንቁላል የሚያህል በረዶ ወረደ። መስታወቱ ረገፈ። ዛፏ ደግሞ አበባ ይዛለች። ሌላ መስታወት እስኪመጣ ክረምቱ ያልቃል፤ ዛፏም ታልቃለች። ማንደፍሮ ጎጆው ላይ ወጣ። የሣር ክዳኑን ነቀለ። እየተሸከመ አመጣና፣ ብርሃን እንዲያስገባ ሳሳ አድርጎ የመስታወቱን ቤት ከደነው። ነሐሴን ሙሉ እሱና በሬው ዝናብ ሲወርድባቸው ከረሙ።

በመስከረም ደጃዝማች መጡ። ዛፏ ላይ ሦስት አረንጓዴ ፍሬ አዩ። ቀና ሲሉ ራቁቱን የቀረ ጎጆ አዩ።

«ምነው ማንደፍሮ፣ ቤትህን ገፍፈህ ዛፌን አለበስህ?»

«ጌታዬ፣ ዛፏ ካለች ቤት ይከደናል። ዛፏ ከሞተች ቤቴን የት አቆመዋለሁ?»

 ደጃዝማች ወደ አጋፋሪው ዞሩ። «በል፣ ለባለርስቱ ሣር ተሸከም።»

ዛሬ መስታወቱ የለም። ደጃዝማችም የሉም። ውርጭ የለመደው የብርቱካኗ ዘር ግን በየጓሯችን አለ። በወይራ ውኃ ቤት የሚሠራ ሰው፣ የመጀመሪያውን ሸክም ሣር በብርቱካን ሥር ሳያኖር ጣራ አይከድንም። «የማንደፍሮ ክዳን» ይባላል። ተሸካሚውም ከተሰበሰበው ሰው ሁሉ ትልቅ ሹመት ያለው ነው።

እምቢ ያለ ሹም እስካሁን አልሰማንም።