ከርከሮና ሦስቱ እፍኝ ዘር

ተረት ላውራችሁ? «አውሪልን» በሉኛ! ጮክ በሉ! እሰይ፣ እንዲህ ነው እንጂ!

ድሮ፣ አፈርም ቅልም ደመናም አፍ አውጥተው በሚያወሩበት ዘመን፣ አንድ ኮረብታ ነበረ። ወርቅ ፈላጊዎች መጡና ሆዱን ቆፍረው ወርቁን ይዘው ሄዱ። የቀረው ትልቅ ጉድጓድና ከጉድጓዱ አፋፍ የተከመረ ጥቁር አፈር ብቻ ነው። አፈሩም፣ «ኧረ ወደ ቤቴ መልሱኝ! የነሐሴ ጎርፍ ሳይወስደኝ መልሱኝ!» እያለ ይጮህ ነበር።

አራዊቱ አዘኑለትና አፈሩን ወደ ጉድጓዱ ሊመልሱ፣ ሥር እንዲይዘውም ዘር ሊዘሩበት ደቦ ወጡ። አያ ከርከሮ የደቦው አለቃ ሆነ፤ በመቆፈር ማን ይስተካከለዋል! ዘሩ የነበረው በቅል ሆድ ውስጥ ነው። ቅልም፣ «ሦስት እፍኝ የሰርዶና የወይራ ዘር አለኝ። ከዚያ ወዲያ ብትሰብሩኝም የለኝም» አለች።

ግንቦት ላይ ከርከሮ ወደ ሰማይ አንጋጦ፣ «ደመና ሆይ፣ እንዝራ?» አለ።

«እንዴታ! ዛሬ ነው!» አለ ደመና።

ዝናቡ ጠብ፣ ጠብ አለ። የጉድጓዱን አንድ ጥግ በአፈር ሞልተው አንድ እፍኝ ዘሩ። ደመናው ወዲያው ሄደ! አሥራ አምስት ቀን ፀሐይ ወጣና ዘሩ እንደ ቆሎ ተቆላ።

ሰኔ ላይ ከርከሮ እንደገና አንጋጦ፣ «ደመና ሆይ፣ እንዝራ?» አለ።

«እንዴታ! ዛሬ ነው!»

ዝናቡ ዶፍ ሆነ። በጭቃው ላይ ሲረማመዱ፣ ሲገፉ፣ ሲረግጡ ዋሉ። የተረገጠው አፈር ደርቆ ሸክላ ሆነ፤ ሁለተኛው እፍኝም ታፍኖ ቀረ።

ሐምሌ ገባ። ከርከሮ ሊያንጋጥጥ ሲል እመት ጦጣ ጆሮውን ያዘችው።

«አያ ከርከሮ! ሁለቴ ሰማዩን ጠየቅህ። ዘሩን የሚያበቅለውን ለምን አትጠይቅም?»

ከርከሮ አፈረ። ወደ ክምሩ ዞሮ፣ «አፈር ሆይ፣ እንዝራ?» አለ።

«ከእኔ በላይ የቸኮለ አለ? ግን ጠብቁኝ!» አለ አፈር። «ጦጣ ትጨብጠኝ። ከተጣበቅሁ ተቀመጡ፤ ከተፈረፈርሁ ተነሡ!»

ጦጣ ጨበጠችው፤ ተጣበቀ። ደመናው ከላይ፣ «ነሐሴ መጣላችሁ!» እያለ ሳቀባቸው። ከርከሮ ብድግ አለ፤ ግን መልሶ ተቀመጠ። በማግስቱ ጨበጠችው፤ ተጣበቀ። በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ጋብ አለ። ጨበጠችው፣ ለቀቀችው፣ እና...

«ተፈረፈረ!»

እልልታው ኮረብታውን አናወጠው! ገፉ፣ ሞሉ፣ አለሰለሱ፤ የመጨረሻዋን እፍኝ ዘሩ። በሳምንቱ ሰርዶው ብቅ አለ፤ ወይራውም ተከተለው።

ነሐሴ ላይ ጎርፉ እያጓራ ደረሰና፣ «የት አለ ያ አፈር?» አለ።

«ቤቴ ገብቻለሁ!» አለ አፈር፣ ከሣሩ ሥር ሆኖ።

ከርከሮ ከዚያ ቀን ወዲህ አፍንጫውን ከመሬት አያነሣም። ምን ያደርጋል? አፈሩን ይጠይቃላ!

የእኔም ተረት ቤቱ ገባ፤ እናንተም ይህችን ያዙልኝ፦ ሰማይ ያየ ዘራ፣ አፈር የጠየቀ አበቀለ።