የትርንጎ ድምፅ

አንድ አውሬ አዳኝ ነበረ፣ ወገኖቼ። ጫካ በሸፈነው ተራራ ሥር የሚኖር፣ ጠመንጃው ያረጀ፣ ጉሮሮው ግን ተአምር የሆነ ሰው። ሁለት መዳፉን አፉ ላይ ከድኖ፣ እናቷ የጠፋችባት ግልገል ሆኖ ሲጮህ፣ እውነተኞቹ ፍየሎች በረቱን ጥሰው ሊወጡ ይደርሱ ነበር። አውሬን በእግሩ አይከተልም። ምን አደከመው? ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል፣ እንደ ግልገል ያለቅሳል፣ አውሬው ራሱ ይመጣለታል።

በዚህ ሙያው የስንቱን ሰው ከብት አትርፏል! ግስላ፣ ያ ጥቁሩ ነብር ማለቴ ነው፣ አንድ መንደር ገብቶ ጥጃ መልቀም ሲጀምር "ኧረ ደምሴን ጥሩልን" ይባላል። ስሙ ደምሴ ነው። ይጠራል፣ ይሄዳል፣ ይገድላል፣ ተመርቆ ይመለሳል።

ይህን ደምሴን ያሳደገችው እናቱ አይደለችም። እናቱ ገና በልጅነቱ ነው የሞተችው። ያሳደገችው ታላቅ እህቱ የሺመቤት ናት፤ ከአፏ ነጥቃ እያጎረሰች። የራሷን ልጅ ግን ስንት ዓመት ተስላ፣ ስንት ዓመት አልቅሳ፣ ሰው ሁሉ ተስፋ ከቆረጠ በኋላ ነው ያገኘችው። ሴት ልጅ ወለደች። ትርንጎ አለቻት። ባሏ ብዙም ሳይቆይ አረፈና ቤት ውስጥ እሷና ትርንጎ ብቻ ቀሩ።

ትርንጎ አልቃሻ ነበረች። ምን ታደርጉታላችሁ፣ አንድ ለእናቱ! ደምሴ ግን መላ ነበረው። ልጅቷ ማልቀስ ስትጀምር ፊቷ ቁጢጥ ይልና በራሷ ድምፅ መልሶ ያለቅስባታል። ልክ እንደ እሷ፤ ሳጓ እንኳ ሳይቀር፣ ትንፋሽ ሲያጥራት የምታወጣት ያቺ ቀጭን ድምፅ እንኳ ሳትቀር። ትርንጎ ደንግጣ ዝም ትላለች፣ ከዚያ በሳቅ ትንፈራፈራለች። እናትየው ከጓዳ ሆና "ኧረ የትኛችሁ ናችሁ የምታለቅሱት?" ትላለች። እንዲህ ያለ ቤት ነበር።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ትርንጎ ከጓሮ ጠፋች።

መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ዱካ የሚያነብ ደምሴ ነውና ከሁሉም ቀድሞ ሄደ። ቀርከሃው ውስጥ ቀሚሷን አገኘ። ከቀሚሷ ሌላ ያየውን ለሽማግሌዎቹ ነግሯቸዋል፤ እኔ ለእናንተ አልነግራችሁም። የሚቀበር ነገር አልነበረም፤ ይህ ይብቃችሁ።

ታዲያ ለእናቲቱ ማን ይንገር?

የአገራችንን ወግ ታውቁታላችሁ። መርዶ እንደ ተራ ወሬ አይነገርም። ቀን ይመረጥለታል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው ከጎኗ ይቀመጣል። ደግ ወግ ነው፤ እኔም አልነቅፈውም። አቶ ወልደሰንበት የሚባሉ የመንደሩ ሽማግሌ ደምሴን ገለል አድርገው ያዙት።

"ባዶ እጃችንን ሄደን ምን እንላታለን?" አሉት። "ሬሳ የለ፣ ቀብር የለ። ትሞትብናለች። መጀመሪያ ግስላውን ግደልና ቆዳውን አምጣ። ቢያንስ ደሟን መልሰናል እንበላት።"

"እስከዚያስ አባባ? ስትጠይቀኝ ምን ልበላት?"

"እየተፈለገች ነው በላት። ለእሷው ብለን ነው እኮ፣ ልጄ።"

ለእሷው ብለን! ወገኖቼ፣ ይህችን ቃል ያዙልኝ።

የሺመቤት በዚያ ሁሉ መካከል ከጫካው ዳር አልጠፋችም። "ትርንጎ! ትርንጎዬ!" ነጋ ስትጣራ፣ መሸ ስትጣራ። ድምጿ መጀመሪያ ሻከረ፣ ከዚያ ጭራሽ ተዘጋ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ የሚወጣ ነገር የለም። እንደዚያ ሆና ወንድሟን ደጁ ላይ ጠብቃ ክንዱን ያዘችው።

"ደምሴ" አለችው በሹክሹክታ፣ "አንተ አትዋሸኝም። በሕይወት አለች?"

አንተ አትዋሸኝም አለችው። ሰማችሁ?

ደምሴ አፉን ከፈተ። እውነቱ ምላሱ ላይ ነበረ። ነገር ግን ዓይኗ ጎድጉዶ አየ፣ አሁን ብነግራት እዚሁ እጄ ላይ ትቀራለች ብሎ ፈራ። "እየፈለግን ነው እትዬ" አላት። "ልጅ ጫካ ውስጥ ይጠፋል፤ ደግሞም ይገኛል። አንቺ ግቢና ትንሽ እህል ቅመሺ።"

እሷም አመነችው። ለምን አታምነው? ያሳደገችው ወንድሟ ነው።

ደምሴ ጠመንጃውን ይዞ ተራራ ወጣ። ለመንደሩ ሰው ሁሉ ወደ ጫካው ዝር እንዳይል ተነገረው። ለየሺመቤት ብቻ የነገራት ሰው የለም። እንዴት ይንገሯት? ደምሴ ግስላ ሊገድል ወጣ ቢሏት፣ ለምን ግስላ ብላ መጠየቋ አይደለም? ስለዚህ እንዳይብስባት ብለው ተዉአት።

ደምሴ እንደ ግልገል ጮኸ። ግስላው አልመጣም። ቦታ ለውጦ ጮኸ። አልመጣም። በማግስቱም ያው ነው። ቀኑ እየመሸ፣ ጭጋጉ እየወረደ፣ ዝናቡ ማካፋት ሲጀምር አንድ ሐሳብ መጣበት። ይህ አውሬ አሁን የፍየል ድምፅ አልፈለገም። የለመደው ሌላ ነው።

ሐሳቡን ጠላው፤ ራሱንም ጠላው። ግን የእህቱ ዓይን መጣበት። ዛሬም ባዶ እጄን ወርጄ፣ ዛሬም እየፈለግን ነው ልላት ነው? መዳፎቹን አፉ ላይ ከደነና በትርንጎ ድምፅ አለቀሰ።

ማስመሰል ነበር የጀመረው። ያቺን ሳግ፣ ያቺን ቀጭን ትንፋሽ ሲያወጣ ግን ልጅቷ በዓይነ ኅሊናው መጣችና የእውነት ልቅሶ ሆነበት። ደምሴ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አስመስሎ አያውቅም። ጭጋጉ ድምፁን ይዞ ቁልቁል ወረደ።

የሺመቤት ሰማች።

እስቲ እናንተው ንገሩኝ፤ እናት ምን ታደርጋለች? ወንድሟ ይገኛል ብሏታል። ይኸው ልጇ እያለቀሰች ነው! ለዝናቡ የደረበችውን ጥቁር ባና እንኳ ሳትጥል ሮጠች። መጣሁልሽ ልትል ሞከረች፤ ጉሮሮዋ እምቢ አላት። ዳገቱ ሲከብዳት፣ ቀርከሃው መንገድ ሲነሳት፣ በእጇም በእግሯም እየዳኸች ወደ ድምፁ ወጣች።

ደምሴ ቀርከሃው ሲነቃነቅ አየ። ጥቁር ነገር፣ ጎንበስ ያለ፣ ድምፅ የሌለው፣ ቀጥ ብሎ ወደ እሱ የሚመጣ። መጣልኝ አለ በልቡ። ዛሬ ለእትዬ እነግራታለሁ አለ።

ተኮሰ።

ሮጦ ደረሰና ባናውን ሲገልጠው ያየውን አየ። ጮኸ፣ ደረቱን ደቃ፣ ደሙን በእጁ ሊያቆም ታገለ። እሷ ግን እሱን አላየችውም። በትከሻው ላይ አሻግራ ቀርከሃውን ነው የምታየው።

"አገኘሃት?" አለችው። ድምፅ ሳይሆን ትንፋሽ ነው።

"እትዬ... እትዬ ይቅር በይኝ..."

"ስታለቅስ ሰማኋት እኮ። አሁን ምነው ዝም አለች?"

ደምሴ መዳፎቹን አንስቶ አፉ ላይ አደረጋቸው። እንድትረካ አንድ ጊዜ ሊያሰማት ፈለገ። ያ ተአምረኛ ጉሮሮ ግን ምንም አላወጣም። የሚንሰቀሰቀው ራሱ ነበረ። የሺመቤት በደከመ ጣቷ ከንፈሩን ነካችው።

"ዝም በል" አለችው። "ልስማት።"

ጆሮዋን ወደ ጫካው እንዳዞረች ሞተች።

ስለ ግስላው የሚጠይቀኝ አይጠፋም። አልተገደለም። ሽማግሌዎቹም ለመርዶው ያሰናዱት ቃል እጃቸው ላይ ቀረ። የሚነግሩት ሰው የላቸውማ!

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉው ሰው የቱ ነው? ፈልጉልኝ። ሽማግሌው ነው? አዘነላት። ወንድሟ ነው? ከነፍሱ ይወዳታል። ጎረቤቱ ነው? እንዳይብስባት ብሎ ነው። ሁሉም ይወዷታል፣ ሁሉም ያውቃሉ፣ ብቻዋን የማታውቀው እሷ ናት። የገደላት ጥይቱ ነው ትሉኝ ይሆናል። እኔ ግን ወንድሟ "እየፈለግን ነው" ያላት ቀን ነው የሞተችው እላለሁ።

እናንተስ? ልጇን በስደት መንገድ ላይ ባሕር የበላባት እናት በሰፈራችሁ የለችም? እናንተ ከሰማችሁ ስንት ወር ሆናችሁ? ስልክ በጮኸ ቁጥር እየሮጠች አይደለም? ሐኪሙ ቁርጡን ነግሯችሁ እናንተ ግን ትድናለህ የምትሉት ወንድም አልጋ ላይ የለም? ልጆቹን ሊሰናበት የሚችልበትን ቀን እየበላችሁበት አይደለም? ባሏ ሌላ ቤት እንደ ሠራ አገር ሁሉ እያወቀ፣ ማታ ማታ ራት ከድና የምትጠብቅ ሴት የለችም? ስትጠይቃችሁ ምን አላችኋት?

ለእሷው ብለን፣ ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ። ደምሴም እንደዚያው ነው ያለው።

ዛሬ መጨረሻው ላይ የሚያጽናና ነገር እንድጨምር እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። የለኝም። ይህን ታሪክ ካወቅሁት ጀምሮ ፈልጌለት አጣሁ። የሞተችው ሞታለች፤ የዋሸው ከነውሸቱ ይኖራል። እግዚአብሔር ለደምሴ ምን እንዳለው አላውቅም። ለእናንተ ግን የቀረች ጊዜ አለች፤ እሷም ብዙ አትቆይም።

ከዚህ ስትወጡ ወደ ቤታችሁ አትሂዱ። ወደዚያች እውነቱን ወደደበቃችኋት ሴት ሂዱ። ከጎኗ ተቀመጡ፣ እጇን ያዙ፣ ንገሯት። ትጮሃለች፤ ትጩህ። መሬት ላይ ትወድቃለች፤ አብራችኋት ውደቁ። ድምፅ እያላት ንገሯት።