ዋስ ያጣው ንጉሥ

ሥራህን ለአፍታ ተወት አድርገህ ስማኝ፤ ጊዜ የማታስቆጭ ወግ ይዤልሃለሁ።

አንዲት ትንሽ አገር ወደብ ነበራት። የትልቁ ጎረቤት ንጉሥ መልእክተኛ ወታደር አስከትሎ መጣና የአገሪቱን ሽማግሌዎች ሰብስቦ፣ «ወደባችሁን ጦራችን ይጠብቅላችሁ። ውጡ ባላችሁን ቀን እንወጣለን፤ ንጉሤ ቃሉን ሰጥቷል። እምቢ ካላችሁ ግን ንጉሤን ውሸታም ብላችሁታልና ጦር ያማዝዘናል» አላቸው።

ወጥመዷን አየሃት? እሺ ቢሉ ወደባቸው ሄደ፤ እምቢ ቢሉ ጦርነት መጣ። ሉዓላዊነት የሚሉት ነገር እኮ ሌላ አይደለም፤ የራስን በር በራስ እጅ መክፈትና መዝጋት ነው።

ዳር ተቀምጣ የምትሰማ አንዲት ዓሣ ሻጭ ይህ አንገበገባት። ብድግ ብላ እጅ ነሣችና፣ «ጌታዬ፣ የንጉሥዎን ቃል ማን ይጠረጥራል? ግን በአገራችን ወግ ጀልባ የሚከራይ ሰው እንኳ፣ ቃሉን ቢያጥፍ የሚያስገድደው ዋስ ይጠራል። ንጉሥዎም ዋስ ይጥሩ» አለች።

መልእክተኛው ከት ብሎ ሳቀ። «አንቺ ሴትዮ! ንጉሤን የሚያስገድድ ፍጡር በምድር ላይ ገና አልተወለደም!»

«ሰማችሁ አባቶቼ?» አለች ወደ ሽማግሌዎቹ ዞራ። «ውጡ ብንል የሚያስወጣልን እንደሌለ እኛ አልተናገርንም። ንጉሡን በውሸታምነት ያሙት እኚሁ ጌታ ናቸውና ጦሩም ከእሳቸው ይጀምር።»

አንተም «እኔ ልጠብቅልህ» የሚል ጉልበተኛ ሲመጣብህ ዋስ ጠይቀውና ሲፎክር ዝም ብለህ አዳምጠው፤ ሐሳቡን በገዛ አፉ ይነግርሃል።