ስሟ የተሰፋበት ማዘያ

አንዲት የሕፃን ማዘያ የምትሰፋ ሴት ነበረች፤ ስሟ ስንዱ ይባላል። የመጀመሪያ ልጇን በወለደች ጊዜ ገበያ ላይ ያገኘችው ማዘያ ሁሉ ትከሻዋን ቢቆርጣት፣ ወፍራም ጨርቅ ገዝታ ለራሷ አንድ ሰፋች። ጎረቤቶቿ አይተው «ለእኛም» አሏት። ቆየት ብላ ፎቶ እያነሣች ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ጀመረች። በየማዘያው ማንገቻ ላይ በቀይ ክር «ስንዱ» ብላ ትሰፋበታለች።

ትእዛዙ ከሩቅ ከተሞች ጭምር ሲጎርፍ ግን አቃታት። አንድ ቀን በአንድ እጇ ስልክ ይዛ ለደንበኛ እየመለሰች፣ በሌላው ጨርቁን ስትገፋ የስፌት መኪናው መርፌ ጥፍሯን በሳው። ልጇ አልጋው ላይ ታለቅሳለች፤ ስልኩ ይጮኻል። ታላቅ ወንድሟ ሙላት ይህን አይቶ፣ «ብቻሽን አትችዪውም። ለሚችል ሰው ስጪ እንጂ!» አላት።

እውነቱን ነበር። ስፌቱን ከከተማው ዳር ላለው ለእትዬ መንበረ ስፌት ቤት ሰጠች። ማድረሱን ለሞተረኞች ሰጠች። የደንበኞችን ስልክ ማንሣቱን፣ ለብዙ ነጋዴዎች ይህንኑ ለሚሠራ አንድ ድርጅት አስረከበች። የውሉን ጉዳይ ሙላት ያዘ። ስንዱ ከስንት ጊዜ በኋላ ምሳዋን ተቀምጣ በላች፤ ከልጇ ጋር ተጫወተች። ሽያጩም አደገ።

እያደር ግን ማዘያዎቹ በእሷ ደጅ ማለፋቸው ቀረ፤ ከስፌት ቤቱ በቀጥታ ወደ ደንበኛው ይሄዱ ጀመር። ክረምቱን ሙሉ አንዱንም በእጇ ሳትነካ ከረመች። ስሟ ግን በቀይ ክር እየተሰፋ ይወጣል።

መስከረም ውስጥ አንድ ጠዋት በሯ ተንኳኳ። ከፈተች። ሕፃን ያቀፈች ሴት ቆማለች፤ ብብቷ ሥር ማዘያ ሸጉጣለች። የሕፃኑ ግንባር አብጧል።

«የማዘያዋ ስንዱ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«እኔማ ስንዱ የምትባል ሰው መኖሯን መጠራጠር ጀምሬ ነበር! ሞተረኛውን ለምኜ ነው ቤትሽን ያሳየኝ።»

ሴትዮዋ የሆነውን ነገረቻት። ልጇን አዝላ ልብስ ልታሰጣ ጎንበስ ስትል የማንገቻው ስፌት ተተረተረ፤ ሕፃኑ ወደቀ። ከሥሩ የልብስ ክምር ባይኖር ኖሮ... ያበጠውን ግንባሩን ዳበስ አደረገችው።

«ደወልኩ። አንዲት ትሑት ልጅ ‹ይቅርታ እመቤት፣ ስፌቱ እኛን አይመለከትም› አለችኝ። ስፌት ቤቱን አፈላልጌ ደወልኩ፤ ‹እኛ የምንሠራው ለባለቤቷ ነው፣ እሷን አናግሪ› አሉኝ። የባለቤቷን ቁጥር ስጡኝ ስል ያንኑ የመጀመሪያውን ቁጥር ሰጡኝ! ሁሉም አዘነልኝ፣ እግዜር ይማረው አለኝ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ የሚል ግን አጣሁ።»

ሙላት ከውስጥ ሰምቶ ኖሮ ብቅ አለ። «እህቴ፣ እንኳን ልጁ ተረፈ። ስፌቱን የሚሠሩት ግን ሌሎች ናቸው። ውላችን የስፌት ጉድለት የእነሱ ነው ይላል። ወደ እነሱ...»

«ሙላት፣ ዝም በል!» አለች ስንዱ።

ታላቅ ወንድሟን እንዲህ ተናግራው አታውቅም። እሱም ደነገጠ፣ እሷም ደነገጠች። ግን ወደኋላ አላለችም። ወደ ሴትዮዋ ዞራ፣ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለች። «ነይ፣ መጀመሪያ ልጁን ሐኪም ይየው።»

ሐኪሙ ደህና ነው ብሎ ሲያሰናብታቸው ሁለቱም ሴቶች ደረጃው ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ስንዱ ቤቷ እንደገባች ስልኳን አነሣች። ሙላት ምን ልትጽፍ እንደሆነ ገባው።

«ተይ፣ ስንዱ! ገበያው ይሞታል። ግድ ከሆነብሽ ስፌት ቤቱ ነው ያጠፋው ብለሽ ጻፊ፤ ያን ጊዜ ሰው ያዝንልሻል።»

«ማዘያው ላይ የተሰፋው የማን ስም ነው?»

«ያንቺ ነው፤ ግን...»

«እንግዲያው መልስ የምሰጠውም እኔ ነኝ።»

እንዲህ ብላም ጻፈች፦ «በስሜ የተሸጠ ማዘያ ተተርትሮ ሕፃን ወድቋል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ክረምት ላይ የገዛችሁ ሁሉ ልጅ አታዝሉበት፤ መልሱልኝ።»

ስድቡ እንደ በረዶ ወረደባት። ማዘያዎቹ በማዳበሪያ እየታሰሩ ተመለሱ። ስንዱ አንድ በአንድ እያነሣች፣ ማንገቻውን በእግሯ ረግጣ በሁለት እጇ ሳበችው። አብዛኛው ቻለ፤ አንዳንዱ ግን ጠሽ እያለ ተተረተረ። የተተረተረውን ይዛ ወደ እትዬ መንበረ ሄደች።

እትዬ መንበረ ክሩን ገና ስታይ አንገቷን ደፋች። «ወፍራሙ ክር አልቆብን በስስ ክር የሰፋነው ነው። ብታባርሪንም አንቀየምሽም።»

«ሲያልቅባችሁ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ደውለን ነበር እኮ፣ ልጄ። ስልክ የሚያነሡት ‹መልእክቱን እናደርሳለን› አሉን። በማግሥቱ ደግሞ እነዚያው ሰዎች ደንበኛ እየጠበቀ ነው ብለው አጣደፉን። አንቺን በምን እናግኝሽ?»

እውነት ነው፤ ስንዱ ከደንበኛዋ ብቻ ሳይሆን ከገዛ ሰፊዎቿም ራሷን ደብቃ ከርማለች።

የክሩ ወሬ በተሰማ ሰሞን ሙላት ሐሳቡን ገልብጦ መጣ። «በቃ፣ ሁሉንም ወደ ቤትሽ መልሺ። ሰው አይታመንም።»

ጎረቤቱም ይህንኑ አላት። ስንዱ እንደገና እምቢ አለች።

«አልመልስም! እትዬ መንበረ ከእኔ የተሻለች ሰፊ ናት። እኔም ልጄን እያስለቀስኩ አልሰፋም። መስፋቱን እነሱ ይስፉ፣ ማድረሱንም ሞተረኞቹ ያድርሱ። የሚሰፋበትን ክር የምመርጠው፣ ማንገቻውን ስቤ የምፈትነው፣ ያዘነች እናት ስትደውል የማነሣው ግን እኔ ነኝ። ይሄን ለማንም አልሰጥም።»

«በዚህ ግትርነትሽ አንድ ቀን ትከስሪያለሽ» አላት ሙላት ተናዶ።

«ልክሰር! ግን ማን እንዳከሰረኝ ለማወቅ የሰው በር አላንኳኳም።»

ሥራው እንደ ድሮው ለመሆን ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ጥለዋት የሄዱ ደንበኞች ሁሉ አልተመለሱም። እሷ ግን ስፌት ቤቱ በራፍ ላይ በርጩማ አስቀምጣ፣ ማንገቻ እየሳበች፣ ስልኳ በጮኸ ቁጥር «አቤት፣ ስንዱ ነኝ» ትላለች።

ወዳጆቼ፣ ሥራ ሲበዛ ለሌላ ሰው ማካፈል አያሳፍርም፤ ብቻዬን ልወጣው የሚል ሰው ራሱንም ቤተሰቡንም ይጎዳል። የሚያሳፍረው ከሥራው ጋር ኃላፊነቱንም አሳልፎ ሰጥቶ፣ ጉዳት ሲደርስ በሌሎች ጀርባ መደበቅ ነው። ሰፊ ይገኛል፣ አድራሽ ይገኛል፣ ስልክ የሚያነሣም ይገኛል። ስማችን በተጠራበት ቦታ በእኛ ፈንታ ቆሞ «ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚልልን ሰው ግን በምንም ውል አይቀጠርም።

እናንተስ ለሌላ ሰው ከሰጣችሁት ሥራ ጋር፣ ሳታውቁት አብራችሁ የሰጣችሁት ነገር የለም?