ከሩጫ በኋላ የተጠጣ ጠላ

ሰው ሥራውን ከጫፍ አድርሶ ሲያበላሽ ባገራችን የሚባል ነገር አለ። አባባሉን ሁሉም ያውቀዋል፤ ጓንጉልን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ጓንጉል ሯጭ መልእክተኛ ነበር። "በቅሎ እስኪጫን ጓንጉል ደርሶ ይመለሳል" ይባልለት ነበር። አንድ ቀን ማለዳ ባላምባራስ ይመኑ ከታመሙበት አልጋ አስጠሩት። ከታናሽ ወንድማቸው ከአቶ ቢረሳው ጋር በርስት ተጣልተው ለዓመታት አይነጋገሩም ነበር።

"ወንድሜን አምጣልኝ" አሉት። "ሳልታረቅ አልሙት።"

"ፀሐይ ሳትጠልቅ እነግራቸዋለሁ፣ ጌታዬ።"

ቆላውን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ አቀበቱን በሩጫ ወጣው። እውነትም ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሰ። የአቶ ቢረሳው ቤት ከፊቱ ይታያል። ከመንደሩ ግርጌ ግን የስንዱ ጠላ ቤት አለ።

"ኧረ ነፍስህ ልትወጣ ነው! ግባና አረፍ በል" አለችው ስንዱ።

"መልእክት ይዣለሁ።"

"በዚህ ትንፋሽ ምኑን ትናገረዋለህ? ለሮጠ ሰው ከጠላ ሌላ ምን መድኃኒት አለው? ጉልበት ይመልሳል።"

ቤቱን አሻግሮ አየና "ደርሼ የለ?" ብሎ ገባ። የመጀመሪያውን ዋንጫ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ሁለተኛው ጉልበቱን የመለሰለት መሰለው። ከዚያ በኋላ ስለ ሩጫው ማውራት ጀመረ፤ ስንዱም እየሰማች ቀዳችለት። ከጧት ጀምሮ እህል አልቀመሰም ነበርና ግድግዳውን እንደተደገፈ እንቅልፍ ወሰደው። ሲነቃ ነግቷል።

እየሮጠ ሄዶ መልእክቱን ተናገረ። አቶ ቢረሳው ወዲያው በቅሎ አስጫኑ። መንገድ ላይም፣ "ሌሊቱን ሙሉ በገደል ስትሮጥ አደርክልኝ! እግዜር ውለታህን ይክፈልህ" ይሉታል። ጓንጉል አንገቱን ደፍቶ ከበቅሎዋ ኋላ ይከተላል። ምነው በሰደቡኝ እያለ ይመኛል።

ከባላምባራስ መንደር ሲቃረቡ ለቅሶ ተሰማ። ባላምባራስ ጎህ ሲቀድ አርፈዋል።

"ሌሊቱን በር በሩን ሲያዩ አደሩ" አሉ ባለቤታቸው እያለቀሱ። "'መጣ?' ይሉኛል፤ 'እየመጣ ነው' እላቸዋለሁ።"

አቶ ቢረሳው አልቅሰው ሲያበቁ የለበሱትን ጋቢ አውልቀው ለጓንጉል ደረቡለት። "ይህ ሰው ባይሮጥልኝ ቀብሩም ባመለጠኝ" አሉ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ።

ጓንጉልን ጋቢው አቃጠለው። አውልቆ አጠፈና ከእግራቸው ሥር አስቀመጠው።

"ትናንት ፀሐይ ሳለች ደርሼ ነበር" አለ። "ቤትዎ እየታየኝ፣ ድካሜን ላውጣ ብዬ ስንዱ ቤት ጠላ ስጠጣ እንቅልፍ ጣለኝ።"

አቶ ቢረሳው ጋቢውን አላነሱትም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ኋላ የተቀመጠ ለቀስተኛ በደንብ አልሰማም ነበርና፣ "ምን አለ? ሳይደርስ ቀርቶ ነው?" ሲል ጠየቀ።

የሟች ነፍስ አባት አባ ወልደ ሰንበት ራሳቸውን ነቀነቁ።

"መድረስስ ደርሶ ነበር" አሉ፤ "እግር ያደረሰውን ጠላ አስቀረው።"