አጥንት አዋቂው ወጌሻ

አንድ ጊዜ፣ አውሬውም የቤት እንስሳውም ከአንድ ወንዝ በሚጠጣበት ዘመን፣ ንጉሥ አንበሳ «ከእንግዲህ ያልተፈተነ ወጌሻ ሕመምተኛ አይነካም!» ብሎ አዋጅ አስነገረ። ፈታኝ ሆኖ የተሾመው ቀበሮ ነበር። ቀበሮ ደግሞ ሥራ ማቅለል ይወዳል፤ ጥያቄውን ሁሉ ስለ አጥንት ብቻ አደረገው።

አያ ጅቦ ሲመልስ ጉድ ተባለ! የጎን ቢሉት፣ የጭን ቢሉት፣ የቁርጭምጭሚት ቢሉት፣ ከነመቅኔው ዘረገፈው። ምን ያቅተዋል? ዕድሜውን ሙሉ ሲቆረጥም የኖረ! እመት ጦጢት ግን ሁለት አጥንት ሳተች። በዚያ ላይ «እኔስ መጀመሪያ ሕመምተኛውን አነጋግራለሁ» ብትል ቀበሮ ሳቀባት።

«ወሬ ማን ጠየቀሽ? አጥንቱን ቁጠሪ!»

ፈቃዱ ለጅቦ ተሰጠ።

በሳምንቱ እመት አህያን ቁልቁለት ላይ አዳለጣትና የኋላ እግሯ ከመጋጠሚያው ወለቀ። ወንዙ እየደረቀ ስለነበር መንጋው በሦስተኛው ቀን ወደ ሩቅ ውሃ ሊሄድ ተነጋግሯል። መራመድ ያልቻለ ይቀራል፤ የቀረውን ማን እንደሚበላው ደግሞ ታውቃለች። ገና ጡት ያልተወ ውርንጭላም አላት። ጭንቅ ነው! ፈቃድ ያለው ወጌሻ አንድ፣ እሱም ጅብ። ምን ታድርግ፣ እያነከሰች ሄደች።

ጅቦ እግሯን ሲያይ ዓይኑ በራ።

«አወቅኋት! የጭን አጥንት ናት። ወፍራም፣ መቅኔዋ ብዙ...»

«ትድናለች ወይ፣ ጌታዬ?»

«እሱ ፈተናው ላይ አልመጣም» አለና ከንፈሩን ላሰ።

ይህን ስትሰማ እመት አህያ በሦስት እግሯ እየነጠረች አንበሳ ደጅ ደረሰች።

«አቤት፣ ንጉሥ ሆይ! ይህ ወጌሻ አጥንቴን ያውቀዋል፤ እኔ በላዩ ላይ መኖሬን ግን ረስቷል!»

አንበሳ አፈረ። ፈተናው በሸንጎ ፊት እንዲደገም፣ አንድ ጥያቄም እንዲጨመር አዘዘ፤ «ሕመምተኛው ሲፈራ ምን ታደርጋላችሁ?» ቀበሮ የእሱ ጥፋት እንዳይታወቅበት ወደ ጅቦ ጆሮ ጠጋ ብሎ «"አይዞሽ እላለሁ" በል፣ ታልፋለህ» አለው።

«አይዞሽ እላለሁ!» ብሎ ጮኸ ጅቦ።

«በል እንግዲህ፣ ሕመምተኛዋ ይችውልህ» አለው አንበሳ።

ጅቦ ወደ አህያ ተጠጋ። «አይዞሽ እሜቴ፣ አይዞሽ! ስትፈሪ እኮ ሥጋሽ ይጠጥራል!»

«ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል!» ብሎ ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። አህያ ግን አልሳቀችም፤ ትንቀጠቀጥ ነበር።

ጦጢት ተራዋ ሲደርስ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

«እሜቴ፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትንቀጠቀጪው?»

አህያ እንባዋ መጣ። «ሕመሙንስ እችለው ነበር። እኔ ከቀረሁ ልጄን ማን ያጠባልኛል?»

«ውይ፣ እናት! ስሙን ማን አልሽው?» እያለች ጦጢት ቀስ ብላ ቀረበችና እግሯን ያዘች።

«ሸጋው ነው የም...»

ቀጭ! አጥንቱ ቦታው ገባ።

አንበሳ ፈቃዱን ከጅቦ ነጥቆ ለጦጢት ሰጠ። «የሳትሻቸውን ሁለት አጥንቶች ግን ተምረሽ ትመጫለሽ» ማለቱ አልቀረም። መንጋው በሦስተኛው ቀን ሲነሣ እመት አህያ ውርንጭላዋን ከጎኗ አድርጋ አብራ ሄደች።

ከዚህ የምንማረው፣ ሐኪም የሚመርጥ ሰው፣ ሐኪሙ አጥንቱን ማወቁን ብቻ ሳይሆን የአጥንቱን ባለቤት ማወቁንም ካልፈተነ፣ ሕመምተኛን ለጅብ አሳልፎ እንደሚሰጥ ነው።