ጉሬዛ ሾላውን ያስያዘበት ገበጣ

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ ያንቀላፋ ካለም ጎኑን ጎሸም አድርጉት። ድሮ ድሮ፣ አውሬ ከአውሬ፣ ዕቃም ከአውሬ ጋር በሚነጋገርበት ዘመን፣ አባ ጉሬዛ የሚባል ነበረ። ነጭ ካባውን ጥቁር ገላው ላይ ጣል አድርጎ፣ ወንዝ ዳር ባለች ትልቅ ሾላ ላይ ይኖር ነበር። ሾላዋ የአባቱ ነበረች፤ የአባቱም አባት እሷው ላይ ነው የሞተው።

የዚያ አገር አውሬ አንድ ልማድ ነበረው። ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ስትመለስ፣ የሾላዋ ባለቤት ከሥሯ ገበጣ ዘርግቶ ከሦስት ተጋጣሚዎች ጋር ይጫወታል። ከሦስቱ አንዱን ካሸነፈ ሾላዋ ለከርሞም የሱ ናት። ሦስቱም ከረቱት ግን ጓዙን ጠቅልሎ ይወጣል፣ ሾላዋንም ሦስቱ ይካፈሏታል።

አባ ጉሬዛ ሰባት ዓመት ሙሉ የመጀመሪያውን ጨዋታ እያሸነፈ ወደ ቤቱ ወጥቷል። ዘንድሮ ግን ሚስቱ ከወለደች ገና ሦስት ቀኗ ነው። የጉሬዛ ልጅ ደግሞ ሲወለድ ድፍን ነጭ ነው፤ ከቅጠል ጥላ ወጣ ካለ ንስር ከሩቅ ያየዋል።

«ልብ ብለህ ተጫወት። ይህን ልጅ ይዤ መንገድ አልወጣም» አለችው ሚስቱ።

«መጀመሪያ የመጣው ማን እንደሆነ አላየሽም መሰለኝ፤ አያ ጅቦ እኮ ነው» አላትና እየሳቀ ወረደ።

«አያ ጅቦ፣ ጠጠር እንደ አጥንት አይቆረጠምም፤ ጥርስህን እንዳትሰብር» አለው ሲቀመጥ። የከበበው አውሬ ሁሉ ሳቀ። ጅቦም አብሮ ሳቀ፤ ጅብ መቼ ሳቅ ይቸግረዋል።

ጅቦ አንዲት ዘዴ ብቻ ነበረችው። ጠጠሩን ዳር ያለ ጉድጓድ ውስጥ ያከማቻል፣ ያከማቻል፣ አሁንም ያከማቻል። አባ ጉሬዛ ሾላ እያኘከ፣ ከዝንጀሮ ጋር እያወራ፣ «እዩት፣ ገበጣ ላይም ሆዱን ነው የሚሞላው» ይላል። በመጨረሻ ጅቦ ያን ክምር በሙሉ አፈሰና ዙሪያውን አደለው። እየበላ ዞረ፣ እየበላ ዞረ፤ ሲቆም ለአባ ጉሬዛ የቀሩት አምስት ጠጠሮች ነበሩ።

አባ ጉሬዛ ክው አለ። በአንበሳ ቢሸነፍ አንድ ነገር ነው፤ በጅብ መሸነፉን ግን ልቡ ሊቀበለው አልቻለም። ዝንጀሮም ቀስ ብሎ ከአጠገቡ ራቅ አለ።

ቀትር ላይ እማማ ኤሊ መጡ። እማማ ኤሊ አባቱንም አያቱንም በገበጣ የረቱ ናቸው፤ ስማቸው ሲጠራ ተጫዋች ሁሉ ጠጠሩን አስቀምጦ ይነሣል። አባ ጉሬዛም ገና ሲያያቸው ብድግ አለ።

«ጀምር እስቲ ልጄ» አሉት።

እማማ ኤሊ ጠጠሩን በጣታቸው ዳበስ ያደርጋሉ፣ ያስባሉ፣ ደግሞ ዳበስ ያደርጋሉ። አባ ጉሬዛ «ምን ቢያስቡ ነው?» እያለ ያልበዋል። አንድ ጊዜ አራት ጠጠር ያለ ጠባቂ ትተው አለፉ። «እሳቸው እንዲህ አይሳሳቱም፤ ወጥመድ ነው» ብሎ ተዋት። ሁለተኛም አራት ተዉ፤ «ይሄም ወጥመድ ነው» አለ። ሦስተኛም ተዉ፤ እጁን ዘረጋና ፈርቶ መለሰው። ሃያ ስድስት ለሃያ ሁለት ተሸነፈ።

እማማ ኤሊ ሲነሡ ትከሻውን ዳበሱት። «ተባረክ ልጄ። ዓይኔ ከጠፋ ሁለት ክረምት አለፈው፤ ጠጠሩንም በጣቴ ነው የምለየው። ሦስት ጊዜ አራት አራት ሜዳ ላይ ጥዬልህ አለፍከኝ። ለአሮጊት አዝነህ መስሎኝ እኮ ነው» አሉት።

አባ ጉሬዛ ደንዝዞ ቀረ። ማየት ከማይችሉ አሮጊት ፊት ሲንቀጠቀጥ መዋሉ ነው። ቀና ቢል ሚስቱ ነጩን ልጅ ደረቷ ላይ ለጥፋ ቁልቁል ታየዋለች። ያን ጊዜ ዓይኑ እንባ ሞላ።

«አሁን ታለቅሳለህ?» አለ አንድ ድምፅ። ከወይራ ግንድ የተፈለፈለው ገበጣ ነው። ሰባት ዓመት ትንፍሽ ብሎ አያውቅም፤ አባ ጉሬዛ ደንግጦ ሊሮጥ ምንም አልቀረው።

«ቁጭ በል» አለው ገበጣው። «ጠዋት የጅብን ሆድ ስታይ ነበር፣ ቀትር ላይ የኤሊን ዝና። እኔን ያየኸኝ መቼ ነው? ዝና እጅ የለውም፣ ጠጠር አያነሣም። ወጥ ሳይቀመስ ጨው ይጨመራል እንዴ? መጀመሪያ ቅመስ።»

ሦስተኛዋ ተጋጣሚ ሽኮኮ ናት፤ ገደሏን ጎርፍ ንዶባት ከወንዝ ማዶ የመጣች። አጨዋወቷን የሚያውቅ ማንም የለም። የሁለቱን ጨዋታ ዳር ተቀምጣ አይታለች። «ቶሎ እንጨርስ አባ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቅርንጫፌን ልምረጥ» አለችው እያዛጋች።

አባ ጉሬዛ አንዲት ጠጠር ሜዳ ላይ ተወ፤ ሽኮኮ ቀልጠፍ ብላ በላች። «መብላት ታውቃለች» አለ በልቡ። ሁለት ጠጠር ተወና ከኋላ ወጥመድ አበጀ፤ ሽኮኮ አየችና አለፈቻት። «ማለፍም ታውቃለች። ይቺ የዋዛ አይደለችም» አለ። ጉድጓዶቹን በጣቱ እየዳበሰ፣ እንደ እማማ ኤሊ አንድ በአንድ ቆጠረ።

ትንሽ ቆይቶ ሌላ ነገር አየ። ተራው የሱ ሲሆን ሽኮኮ ገበጣውን አታይም፤ ሽቅብ ቅርንጫፍ ትመርጣለች። ይኼኔ ገባው። እሷ የምትጫወተው ጠዋት ከተሸነፈው ሞኝ ጋር ነው። እሱም ሞኝ መስሎ ጠጠሩን ዳር ያለ ጉድጓድ ውስጥ ያከማች ጀመር።

«ከጅብ ተማርክ እንዴ?» ብላ ሳቀች።

«ምን ላድርግ፣ ያገኘሁት አስተማሪ እሱ ነው» አላት።

ከዚያ ክምሩን አፈሰው። እየበላ ዞረ፣ እየበላ ዞረ፣ ቆመ። ሲቆጠር ሃያ አምስት ለሃያ ሦስት ሆነ።

ሽኮኮ አፏን ከፍታ ቀረች። «እንዴት ሆኖ? አንተ እኮ በጅብ የተሸነፍክ ነህ» አለች።

አባ ጉሬዛ ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ግን ሳቁ ጠፋ። ያ ድንጋጤ ጠዋት የራሱ ፊት ላይ የነበረው ነው። «በጅብ የተሸነፈው የጠዋቱ ጉሬዛ ነው፤ አንቺ የተጫወትሽው ከአሁኑ ጋር ነው» አላት። ቀጥሎም፣ «ሾላዋ ሥር ባዶ ጉድጓድ አለ፣ ግቢበት። ኪራዩ በየቀኑ አንድ ጨዋታ ነው» አላት።

ወደ ላይ ወጣ፤ ሚስቱ ነጩን ልጅ አሳቀፈችው። ልጁም የአባቱን ጣት ይዞ ተኛ።

ለዚህ ነው ተጋጣሚህን አትናቀው፣ አታምልከው፣ እጁን እየው የሚባለው። የኔ ጠጠር አልቋል፤ ተራው የእናንተ ነው።